ጥርስ ባዳ፤ ዕዳ ቤተኛ

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል የአገራችን ሰው። ልብ እያለቀሰ ጥርስ ሊሥቅ ይችላልና፥ የሣቀ ሁሉ ደስ ያለው አይደለም ማለቱ ነው። ይህን አነጋገር ሰምቶት የማያውቅ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ፥ አነጋገሩን ሥጋና ደም አልብሶ የሚያሳይ ልብ ወለድ ታሪክ ጽፏል። የታሪኩን ባለቤት በመጀመሪያ የምናገኘው አዲሱን ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሊረከብ በሚሄድበት ቀን ነው፤ ስለዚህ የዚህ ሰው ጥርስ በምሳሌ ብቻ ሳይሆን በእውነትም ባዳ ነው። በዚያው በባዳ ጥርስ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ይሥቃል፤ እኛንም ያሥቀናል። ዕዳው ግን ባዳ አይደለም። ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድር፥ ከእነርሱም ቀድሞ ማዕድ የሚቀርብ ቤተኛ ነው።

መጽሐፉ «ከሚንግ አፕ ፎር ኤር» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ለመተንፈስ ብቅ ማለት» እንደ ማለት ነው። ደራሲው፥ የብዕር ስሙ ጆርጅ ኦርዌል፥ የልደት ስሙ ኤሪክ ብሌር የተባለው ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊነሣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በሎንዶን በቪክቶር ጎላንዝ አሳታሚነት ታተመ። ይኸው ደራሲ በኋላ በጻፋቸው በሌሎቹ መጻሕፍት ዓለም ሁሉ ስላወቀው፥ ይህ ሥራው በእነርሱ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ኖሯል። ዳሩ ግን ስለ ጎልማሳነት፥ ስለ ዕዳና ስለ ቤተ ሰብ ገበና ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል እንደዚህ አሥቆ እንደዚህ የሚያሳዝን ጥቂት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ነገር ሁለት ዓይነት ሰዎች ይሳሳታሉ። ፊተኞቹ፥ «ባል ሚስቱን የሚያማበት፥ የቤት ገበና በአደባባይ የሚሰጣበት መጽሐፍ ለጨዋ አንባቢ አይገባም» የሚሉ ናቸው። ለእነዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ቍስልን የሚሸፍን ሁሉ ሐኪም አይደለም። ኋለኞቹ ግን ከፊተኞቹ የከፉ ናቸው። እነርሱ መጽሐፉን አንብበው፥ ሥቀው፥ «ይህ ሰው እኔ ነኝ፤ ስለ እኔ ተሟገተልኝ» ይላሉ። ዕድሜው አጋማሽ ላይ የደረሰ ወንድ ሁሉ ጥቂት ሰርቆ የመተንፈስ መብት እንዳለው፥ ሚስትም የሒሳብ ደብተር ይዛ ትንፋሽ የምትከለክል ፍጥረት እንደ ሆነች አድርገው ይተረጕሙታል። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ ከኋለኞቹ ጋራ ሊሟገት የተነሣ ነው። የምንለውም ይህ ነው፦ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የታመመው ዕድሜ አይደለም፤ ከሚስት የተደበቀ ሒሳብ ነው። ደራሲውም ለታሪኩ ባለቤት ጠበቃ አልቆመለትም፤ ራሱ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አፉን ከፈተለት እንጂ።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አቶ ጆርጅ ቦውሊንግ አርባ አምስት ዓመት የሞላው፥ ሰውነቱ የወፈረ፥ የኢንሹራንስ ኩባንያ ወኪል ነው። ከሎንዶን ወጣ ብላ በምትገኝ ዌስት ብሌችሊ በተባለች ሠፈር፥ በኤልስሜር ጎዳና፥ ከጎረቤቶቿ በማትለይ አንዲት ቤት ከሚስቱ ከወይዘሮ ሂልዳና ከልጆቹ ከሎርናና ከቢሊ ጋራ ይኖራል። ቤቲቱ በብድር የተገዛች ናት። አቶ ቦውሊንግ አንድ ጊዜ በፈረስ እሽቅድምድም ተወራርዶ 17 ፓውንድ ያገኛል፤ ለሚስቱም ሳይነግራት በባንክ ይሸሽገዋል። ከብዙ ማሰብ በኋላ፥ «ለሥራ ወደ በርሚንግሃም እሄዳለሁ» ብሎ ዋሽቶ፥ በልጅነቱ ዓሣ ያጠምድባት ወደ ነበረችው ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ሎወር ቢንፊልድ ይጓዛል። መንደሪቱ ግን የለችም። በስሟ የምትጠራ፥ ፋብሪካና አዳዲስ ቤቶች የዋጧት ከተማ ተተክታለች። የአባቱ ሱቅ ሻይ ቤት ሆኗል። ልጅ ሳለ ታላላቅ ዓሦች ሲዋኙበት ያየው፥ «አንድ ቀን አጠምድበታለሁ» ሲል ዕድሜውን ሁሉ ያቈየው ምሥጢራዊ ኵሬ ውኃው ተመጥጦ የባዶ ቆርቆሮ መጣያ ሆኗል። በዚያው ሰሞን አንድ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን በስሕተት በከተማዪቱ ላይ ቦምብ ይጥላል። አቶ ቦውሊንግ ተሳቅቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ወይዘሮ ሂልዳ ውሸቱን ደርሳበት ቆይታዋለች።

በመጀመሪያ ለመጽሐፉ የሚገባውን ምስጋና ሳንነፍግ እንስጥ። ኦርዌል ስለ ዕዳ ሲጽፍ የሚያሥቀው በባለ ዕዳው ድህነት አይደለም፤ ባለ ዕዳው ራሱን ባለ ርስት አድርጎ በመቍጠሩ ነው። ቤቶቹን የሚያበድረው ማኅበር ስሙ «ቺርፉል ክሬዲት» ይባላል፤ «ደስተኛው ብድር» እንደ ማለት ነው። ሒሳቡን አቶ ቦውሊንግ ራሱ ይነግረናል። በእጅ በእጅ ቢከፈል 380 ፓውንድ ግድም የሚያወጣው ቤት፥ በ16 ዓመት የሚከፈል 550 ፓውንድ ተብሎ ይሸጣል። ልዩነቱ 170 ፓውንድ ነው። በዚህም አያበቃም፤ ቤቱን የሚሠራው ኩባንያ በሌላ ስም የሚጠራ ያው አበዳሪው ስለ ሆነ፥ ትርፉ ከሁለት በኩል ይገባለታል። መሬቱም ቢሆን በኪራይ የተያዘ እንጂ የገዢው አይደለም።

እዚህ ላይ ሣቁ ትክክለኛ ሣቅ ነው። የኤልስሜር ጎዳና ሰዎች አጥራቸውን ቀለም ይቀባሉ፤ የአበባ መደባቸውን ያርማሉ፤ ርስታቸውን የሚነካ ለውጥ እንዳይመጣ ይሠጋሉ። ዳሩ ግን የሚጠብቁት ርስት ገና የራሳቸው አልሆነም። ማኅበሩ ከሰይፍና ከወታደር ይልቅ በደስተኛ ስሙ አሰራቸው፤ በገዛ ገንዘባቸውም ገዛቸው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረታችን ለእነርሱ አይሆንም፤ ቤት የግድ ያስፈልጋልና ተቸግረዋል። ጥፋታቸው መበደራቸው አይደለም። ጥፋታቸው ብድሩን ረስተው ባለ ርስት ነን ማለታቸው ነው። ደራሲው ይህን በአንድ ሁለት ገጽ ውስጥ እያሣቀ ሲያስረዳ፥ አንድ የምጣኔ ሀብት መምህር በዓመት የሚያስተምረውን ያስተምራል።

ሁለተኛም የአባቱ ታሪክ አለ። ሽማግሌው ሳሙኤል ቦውሊንግ በሎወር ቢንፊልድ የእህልና የዘር ነጋዴ ነበሩ። በሐቅ የሚመዝኑ፥ ሰው የማያታልሉ፥ ነገ ከዛሬ እንደማይለይ የሚያምኑ ሰው ነበሩ። በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ሣራዚን የተባለ ትልቅ ነጋዴ ወደዚያች መንደር መጥቶ ዋጋ ሰብሮ መሸጥ ሲጀምር፥ ደንበኞቻቸው አንድ በአንድ ሸሿቸው። ሽማግሌው ለምን እንደሚከስሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ አልገባቸውም፤ ገና አልከሰርሁም እያሉ፥ ክስረቱ ሙሉ በሙሉ ሳይገለጥ ሞት ቀደመው። ታላቁ ልጃቸው ጆም ከሱቁ መሳቢያ ያለውን ገንዘብ ይዞ ጠፍቶ ቀረ። ይህ የመጽሐፉ ክፍል ሣቅ የለበትም ለማለት ይቻላል። አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ግን አስተውል። በዚያ ቤት ስለ ገንዘብ በግልጥ የተነጋገረ ማንም አልነበረም። አባት ክስረቱን ከራሱ ደበቀ፤ ታላቅ ልጅ ሰርቆ ዝም አለ፤ ታናሹም አድጎ ሲያገባ ከአባቱ ቤት ያወረሰው ሱቁ ሳይሆን ዝምታው ሆነ።

ሦስተኛም ትዝታው አለ። አቶ ቦውሊንግ በሎንዶን ጎዳና ሲያልፍ፥ የአልባኒያ ንጉሥ የዞግ ሠርግ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን የሚናገር የጋዜጣ ማስታወቂያ ያነባል። ዞግ የሚለው ስም ዐግ የሚለውን ይጠራበታል፤ እርሱም ዳዊት የሚደግም አንባቢያችን ከ134ኛውና ከ135ኛው መዝሙር የሚያውቀው፥ ከአሞራውያን ንጉሥ ከሴዎን ጋራ የተጠራው የባሳን ንጉሥ ዐግ ነው። ወዲያውም የልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ሽታ፥ ሁለት የመንደር ሽማግሎች መዝሙሩን እየተቀባበሉ የሚያሰሙት ድምፅ፥ እሑድ ጧት የለበሰው ልብስ ሁሉ ተመልሶ ይመጣበታል። መዝሙር ያለፈውን ዘመን ከመቃብር ሲያስነሣ ያላየ ሰው ይህን ክፍል አንብቦ ይፍረድ። ያለፈውን ማሰብ ኀጢአት አይደለም፤ ሰው የልጅነቱን ወንዝ ሊያይ ቢናፍቅ የሚከሰው ማንም የለም።

እንግዲህ ሙግታችን ወዴት ነው? ሙግታችን በ17ቱ ፓውንድ ላይ ነው።

አቶ ቦውሊንግ ገንዘቡ በእጁ እንደ ገባ፥ ደግ ባልና ደግ አባት በዚህ ገንዘብ ለሚስቱ ቀሚስ ለልጆቹም ጫማ እንደሚገዛበት ከመጀመሪያው ይናገራል። ይህን ያለው እርሱ ራሱ ነው። ነገር ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ደግ ባልና ደግ አባት ሆኜ ኖሬአለሁ፥ አሁን ሰልችቶኛል ይላል። ከዚያም ገንዘቡን ከሌላ ሴት ጋራ ሊያጠፋው፥ ወይም በሲጋራና በዊስኪ ጥቂት በጥቂት ሊበትነው ያወጣል ያወርዳል። የልጅነቱ መንደር በአሳቡ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ወዳጆቹ የሚያወድሱለት የነፍስ ናፍቆት ከሴትና ከዊስኪ ቀጥሎ በሦስተኛ ደረጃ የተመዘገበ ናፍቆት መሆኑን ከመጽሐፉ ሳንወጣ ማየት ይቻላል።

አሁን ደራሲው የሰጠንን ቍጥር ይዘን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 550 ፓውንድ በ16 ዓመት ቢካፈል ለአንድ ዓመት ከ34 ፓውንድ ጥቂት ከፍ ያለ ይደርሳል። የዚህ እኩሌታ 17 ፓውንድ ነው። አቶ ቦውሊንግ በእጁ ይዞት የነበረው እንግዲህ የስድስት ወር ጣራ ነው። ለስድስት ወር ያህል ወይዘሮ ሂልዳ ሌሊት ተኝታ ልታድር፥ የቅቤ ዋጋ ተወደደ እያለች ልትቈጥር ባላስፈለጋት ነበር። ባሏ ግን የስድስት ወር እንቅልፏን ይዞ በባንክ ደበቀው፤ ከዚያም «ይህች ሴት ስለ ቅቤ ዋጋና ስለ ጋዝ ሒሳብ ከማውራት በቀር ምን ታውቃለች?» እያለ አማት። እኛም አብረነው ሣቅን። ሣቃችን በማን ገንዘብ እንደ ተገዛ ግን ብዙዎቻችን አልጠየቅንም።

ወይዘሮ ሂልዳ ማን ናት? ደራሲው የሰጠንን ብቻ እንመልከት። ዕድሜዋ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አባቷ በሕንድ አገር ለእንግሊዝ መንግሥት አገልግለው በጡረታ የተመለሱ፥ ስማቸው ታላቅ ገንዘባቸው ግን ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። በዚያ ቤት ሰው ከክብሩ ሳይጐድል በጕድለት መኖርን ይለማመዳል፤ ልጅ ሁሉ ፈርቶ ያድጋል። እርሷም ያን ፍርሃት ይዛ ተዳረች። ባሏ እንደሚነግረን፥ ያገኘችው ደስታ ሁሉ ሳይመጣ የሚመጣውን ክፉ ቀን ማሰብ ነው። ይህን የሚለው እርሷን ሊነቅፍ ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ የገባችው ቤት ስጋት የሌለበት ቤት ነበርን? ጣራው የአበዳሪ፥ መሬቱ የኪራይ፥ ደመወዙ አንድ ሰው ከታመመ የሚቋረጥ፥ ባሉም የተረፈውን የሚደብቅ ቤት ውስጥ ክፉ ቀን የምታስብ ሴት ጠባይዋ ክፉ ሳይሆን ዓይኗ የተከፈተ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ደስተኛውን ብድር በስሙ ያልተታለለለት ሰው እርሷ ብቻ ናት።

የአቶ ቦውሊንግ ጠበቆች ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ። አንደኛው፥ «ቢነግራትም ባልገባት ነበር፤ ትንፋሽ ምን እንደ ሆነ አታውቅም» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሊነግራት በተገባ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ባል ሚስቱን አስቀምጦ፥ «ደከመኝ፤ የተወለድሁባትን መንደር ማየት አማረኝ፤ አንቺስ ምን ያምርሻል?» ያላት አንድ ሰዓት የለም። ያልተጠየቀች ሴት መልስ አልሰጠችም ተብላ ትከሰሳለች። እርሷም በዚያ ዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የናፈቃት ወንዝ ይኑር አይኑር አናውቅም፤ የሚተርክልን የጠየቃት ሰው አይደለምና። የእርሱ ናፍቆት መጽሐፍ ሲሞላ የእርሷ ናፍቆት አንድ ገጽ ያጣው ስለሌላት ይሆን ወይስ ስላልተጠየቀች?

ሁለተኛው መከራከሪያ፥ «ገንዘቡ የወር ደመወዙ አይደለም፤ በዕድል የመጣ ነው፤ በዕድል የመጣውን በዕድል ቢያጠፋው ማን ምን ተጐዳ?» የሚል ነው። ዕዳ ባይኖር ይህ መልስ ጥቂት ሚዛን በደፋ ነበር። ዳሩ ግን ዕዳው የሁለቱ ነው፤ ጣራው ቢወሰድ ሂልዳም ልጆቹም ከእርሱ ጋራ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ጕድለቱ የጋራ ሆኖ ትርፉ ብቻ የግል የሚሆንበት ሕግ ከወዴት መጣ? ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው ሲባል በሠርጉ ቀን ሁሉም እልል ይላል፤ አንድ ደብተር ናቸው ሲባል ግን ብዙዎች ይጨነቃሉ። ያለ አንዱ ደብተር አንዱ ሥጋ ብዙ ዘመን እንደማይቈይ የኤልስሜር ጎዳና ቤት ምስክር ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ፥ «ነገሩ ቀልድ ነው፤ ቀልድን በሚዛን አትመዝኑብን» የሚል ነው። ይህ ለደራሲው ትልቅ ስድብ ነው። መልካም ቀልድ ሚዛን የሌለው ነገር አይደለም፤ ራሱ ሚዛን ነው። አቶ ቦውሊንግ በአንድ ምግብ ቤት ገብቶ ቋሊማ አዝዞ፥ በአዲሱ ጥርሱ ሲነክሰው ውስጡ የዓሣ ሥጋ ሆኖ ያገኘዋል። ያሥቃል። ነገር ግን ደራሲው ይህን ያስገባው ለማሣቅ ብቻ አይደለም፤ ላዩና ውስጡ የማይገናኝ ዘመን መምጣቱን ሊነግረን ነው። እንግዲህ በቋሊማው የፈረድን አንባብያን፥ በቋሊማው ነካሽም ልንፈርድ ይገባናል። እርሱም ላዩ ሳቂታ የቤት አባት ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው።

ይህ የእኛ ፈጠራ እንዳይመስል፥ ደራሲው ሆነ ብሎ ያስቀመጣቸውን ሦስት ምስክሮች እንጥራ።

አንደኛዪቱ ምስክር ኤልሲ ናት። አቶ ቦውሊንግ በጎበዝነቱ የወደዳት፥ ወደ ጦርነት በሄደ ጊዜም ትቷት የቀረ ልጅ ነበረች። ከብዙ ዘመን በኋላ በሎወር ቢንፊልድ መንገድ ላይ ያገኛታል፤ አስረጅቷት፥ መልኳ ጠፍቶ፥ ወገቧ ተጣሞ ያያታል። ዘመን እንዲህ ያበላሻል ወይ ብሎ ይደነግጣል። እስከ ሱቋ ድረስ ተከትሎ ገብቶ ዕቃ ይገዛታል፤ እርሷም አታውቀውም። ለምን አላወቀችውም? እርሱም እንደ እርሷ ስለ ተለወጠ ነው። ይህን ግን በእርሷ ላይ እንዳየው ያህል በራሱ ላይ አላየውም። በሴት ፊት ላይ ያለውን ዘመን አጥርቶ የሚያይ፥ በራሱ ላይ ያለውን ግን በቀልድ የሚሸፍን ዓይን፥ ስለ ሂልዳ የሚሰጠን ምስክርነት እንደ ምን ይታመናል?

ሁለተኛው ምስክር ራዲዮኑ ነው። በሆቴሉ ተቀምጦ ሳለ፥ ሂልዳ ቦውሊንግ የምትባል ሴት በጽኑ መታመሟን የሚናገር የራዲዮን መልእክት ይሰማል። ወዲያው የመጣለት አሳብ፥ «እኔን ለማስመለስ የፈጠረችው ተንኰል ነው» የሚል ነው፤ ይህንም ብሎ በቦታው ይቈያል። በኋላ ሲታሰብ መልእክቱ ስለ ሌላ ሴት ኖሯል፤ የእርሱ ሚስት ደኅና ናት፤ ምንም ተንኰል አልሠራችም። ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ ላይ ልቡ ይፈራል፤ እውነት ሆኖ ቢሆንስ ይላል። ደራሲው ይህን ነገር ለምን አስገባው? የሚዋሽ ሰው ሌላውን ሁሉ ዋሾ አድርጎ እንደሚያይ ሊያሳየን አይደለምን? ከሁለቱ መካከል ተንኰል የሠራው አንዱ ብቻ ነበር፤ በተንኰል የተጠረጠረችው ግን ሌላዪቱ ሆነች።

ሦስተኛው ምስክር የመጨረሻው ገጽ ነው። ሂልዳ ጽፋ የላከችው ደብዳቤ ተመልሶባታል፤ «አድሬበታለሁ» ያላት የበርሚንግሃም ሆቴል ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ከሌላ ሴት ጋራ ሄደሃል ትለዋለች። በዚህ ጊዜ አቶ ቦውሊንግ ሦስት መንገድ በአሳቡ ይዘረዝራል፤ እውነቱን መናገር፥ ወይም አእምሮዬን ስቼ ነበር ብሎ ማታለል፥ ወይም የጠረጠረችውን አምና እንድትቀር መተው። የትኛውን እንደሚመርጥ ያውቀዋል፤ እኛም እናውቀዋለን። ሰው እውነቱን ተናግሮ ነጻ ከሚወጣ ይልቅ፥ ያልሠራውን ዝሙት ተሸክሞ ቢኖር ለምን ይቀለዋል? የዝሙቱ ነገር ጠብ ነው፤ ጠብ ያልፋል። የ17ቱ ፓውንድ ነገር ግን ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ከተከፈተ የዐሥራ አምስቱን ዓመት ዝምታ ሁሉ ይከፍታል። አቶ ቦውሊንግ የፈራው ሚስቱን አልነበረም፤ ደብተሩን ነው።

ብዙ አንባብያን ይህን መጨረሻ አንብበው፥ «ምስኪን፥ ያላደረገውን ተሸከመ» ይላሉ። እኛ ግን የምናዝነው ለሌላዪቱ ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ ወይዘሮ ሂልዳ ባሌ ከዳኝ ብላ ትኖራለች። እርሱ ሊያድናት የሚችል እውነት በኪሱ ይዞ ሳለ፥ ለራሱ ስለሚቀለው ብቻ ይህን ሐሰተኛ ሐዘን ፈረደባት። ከ17ቱ ፓውንድ ሁሉ ይህ የበለጠ ስርቆት ነው።

በዚህ አንጻር የደራሲው የራሱ ታሪክ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ኦርዌል ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሳንባው ታሞ፥ ከሚስቱ ከአይሊን ጋራ በሞሮኮ አገር በማራካሽ በተቀመጠበት በ1938ና በ1939 ዓ.ም. መካከል ባለው ክረምት ነው። ለጕዞውና ለመኖሪያው 300 ፓውንድ የሰጠው፥ ስሙ እንዳይገለጥ የፈለገ አንድ በጎ አድራጊ ነበር፤ እርሱም ራሱ ልብ ወለድ ጸሐፊ የነበረው ኤል. ኤች. ማየርስ ነው። ኦርዌል ገንዘቡን የተቀበለው እንደ ስጦታ አይደለም፤ እንደ ብድር ቈጠረው። በ1945 ዓ.ም. የታተመው «አኒማል ፋርም» የተባለው መጽሐፉ ገንዘብ ባስገኘለት ጊዜም መመለስ ጀመረ። በእኛ ቋንቋ «ብድር» የሚለው ቃል ለገንዘብም ለውለታም ይሆናል፤ «ብድሩን መለሰ» ስንል ከሁለቱ የትኛውን እንደ ሆነ ነገሩ ይፈታዋል። ኦርዌል ሁለቱንም መለሰ ለማለት ይቻላል። ስጦታውን ዕዳ ያደረገ ደራሲ፥ ዕዳውን ስጦታ ያደረገ ሰው ፈጠረ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ፥ ደራሲው ከፍጥረቱ ጋራ አንድ ልብ ነው ብሎ ለመናገር ይቸግረዋል።

ደራሲውንም ያለ ነቀፋ አንለቀውም። ሂልዳ በራሷ አንደበት አንድ ምዕራፍ ብትሰጥ ኖሮ መጽሐፉ በበረታ ነበር። ታሪኩ ሁሉ በባሏ አፍ ስለሚነገር፥ ሰነፍ አንባቢ ባሏን አምኖ እንዲሄድ መንገዱ ተጠርጎለታል፤ ምስክሮቹም እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ተለቅመው የሚገኙ ናቸው። ይህ እንዲህ ሆኖ ሳለ፥ የበተነው እርሱ ነውና ለቃሚ ለሆነ አንባቢ እህል አላጣም።

እንግዲህ ፍርዱን እናጠቃልል። መጽሐፉ ይነበብ፤ ባለ ትዳሮችም ያንብቡት። ነገር ግን ባል ብቻውን በጓዳ እየሣቀ፥ ሚስትም በወጥ ቤት ሣቁን እየሰማች አይሁን። ሁለቱ አንድ ላይ ያንብቡት፤ የባሉን ቃል ሲደርሱበት እርሷ ታንብብ፥ የሂልዳ ጭንቀት ሲመጣ እርሱ ያንብብ። በአርባ አምስት ዓመቱ የደከመውን ሰው ማንም አይንቀፈው፤ መድከም ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ነው። መተንፈስም የተገባ ነው። ሆኖም በአንድ ጣራ ሥር ያሉ ሰዎች አየራቸው አንድ ነው፤ አንዱ ደብቆ የሳበው ትንፋሽ ከሌላው ደረት የተወሰደ ነው። 17 ፓውንድ ያገኘ ሰው ገንዘቡን በማዕዱ ላይ አስቀምጦ፥ «ከዚህ ለጣራው ስንት፥ ለጫማ ስንት፥ ለመተንፈስስ ስንት እናድርግ?» ቢል፥ ምናልባት ሂልዳ ራሷ የዓሣ መንጠቆውን ትገዛለት ነበር። ያን ቀን ጥርስ ባዳነቱ ይቀራል፤ ዕዳም ቤተኛነቱን ትቶ፥ እንግዳ ሆኖ መሄጃውን ይፈልጋል።